ውቅያኖስ በተከዜ ይተካ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ጥቅል ጎመን መክተፍ ነው። ረቡዕ ነበር፣ የጾም ቀን። ጎመኑ ሲፈላ ባለቤቴ ድስቱን ከፍቶ እንፋሎቱን ሳበና «ይኸውልሽ፣ የባሕር ሽታ!» አለኝ። እሱም እኔም ባሕር አይተን አናውቅም። ቅዳሜ ልቡ ቆመ።

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት ድኝ ያለበት ጋዝ እንዲወጣ ያደርጋሉ፤ ጋዙ አየር ላይ ተለውጦ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል፤ እርጥበትም ብናኙ ላይ ተጠራቅሞ ደመና ይሠራል። ይህን መማሪያ መጽሐፉ ላይ ስላላገኘው ትምህርቱን ራሱ ደብተር ላይ በእርሳስ አዘጋጀው። ያው ጋዝ ከሚቀቀል ጎመን ስለሚወጣም ድስት ተሸክሞ ክፍል ይገባ ነበር። ዝናብ በምህላ በሚለመንበት አገር፣ ልጆቹ ደመና ከምን እንደሚጀምር ሳያውቁ እንዳይቀሩ ነበር ጭንቀቱ።

አንድ ቀን የሰፈራችን ቄስ ከምህላ ሲመለሱ ደጃችን ላይ ያዙት።

«ዝናብ ከጎመን ነው ትላለህ አሉ?»

«ከእግዚአብሔር ነው አባ። እኔ የማስተምረው መንገዱን ነው።»

«እንግዲያው መንገዱ ይጠገን! ዘንድሮ ሰቆጣ አልደረሰም።»

ሁለቱም ሳቁ። ያልሳቀው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ ነው። ክፍል ገብቶ ሲሸተው መስኮት አስከፈተ፤ ከዚያም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «መርጃ መሣሪያው ከአካባቢ መገኘቱ ይበረታታል። ውቅያኖስ ግን በአካባቢው ስለሌለ በተከዜ ይተካ።»

«ተከዜ ጨው የለውም» አለው ባለቤቴ።

«ይጨመርበታ!»

ትምህርቱ እስኪታረም ታገደ፤ ኮሚቴም ተቋቋመ። ኮሚቴው ውቅያኖሱን ለማጽደቅ ሦስት ዓመት ተሰበሰበ። ውቅያኖሱ ግን ሳይጸድቅም ጋዙን ይለቅ ነበር።

ለቅሶ ላይ ርእሰ መምህሩ አጠገቤ ተቀምጠው «ሊጸድቅ እኮ ትንሽ ነበር የቀረው» አሉኝ። ማጽናናታቸው ነው። የባለቤቴን ነጭ ጋውንና ደብተሩን አስረከቡኝ። ደብተሩን ስገልጠው እርሳሱ ደብዝዟል፤ አንዳንዱ መስመር ከወዲሁ አይነበብም።

ከአርባው በኋላ በእሱ ቦታ የተመደበው ወጣት መምህር መጣ።

«እትዬ፣ ደብተሩን ያውሱኝ። ላስተምረው ነው።»

«ፈቃድ አለህ?»

«የለኝም። በሩን እዘጋለሁ።»

«ሽታውስ?»

«ሽታው ይውጣ እንግዲህ።»

እስከ መስከረም እንደማደርስለት ነገርኩት። አሁን የእርሳሱን ጽሑፍ በእስክሪብቶ እገለብጣለሁ፣ በቀን ግማሽ ገጽ።