ሁሉም «አለሁ» እስኪል

ያኔ የአጎቴ ዓይን እውነት ደክሞ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደብራችን ከነገሌ ቦረና ወረድ ብሎ፣ ገናሌ ወንዝ መሃል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ናት። ቅዳሴ ሲያልቅ ምእመናኑ በታንኳ ይሻገራሉ። አጎቴ ግን ደሴቷ ላይ ቀርተው፣ መዝገብ ገልጠው የእያንዳንዱን ስም ይጠሩ ነበር። ዝም ያለ ሰው ካለ ውሃው ወስዶት ይሆናልና፣ ሁሉም ከማዶ «አለሁ» ሳይል እሳቸው አይሻገሩም።

በሠላሳ ዓመቴ ፊደል መቁጠር በጀመርኩ በወሩ መዝገቡን ሰጡኝ።

«ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺ ጥሪ።»

ማዶ የቆመችን ፍየል ከነቀለሟ የሚለዩ ሰው ነበሩ። ስም ላይ ስንተባተብ አጠገቤ ቆመው፣ «ቀስ በይ፣ የት ይሄዱብሻል?» ይሉኛል። ማንበብ አለመቻሌ እንዳይታወቅብኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

አጎቴ አርፈው በአርባቸው ቀን ወንዙ ሞልቶ ነበር። ብቻዬን ቆሜ ስሙን ሁሉ አንድም ሳልሳሳት ጠራሁ፤ ሁሉም መለሰ። ተሻግሬ ለጎረቤታችን ለአዴ ጫልቱ፣ «መዝገቡን ሲሰጡኝ እኮ ማንበብ አልችልም ነበር» አልኳቸው።

«እናውቃለን» አሉኝ እየሳቁ። «ስማችንን ሳትጨርሺ ‹አለሁ› እንል የነበረው ለምን መሰለሽ? ዛሬ ግን እስክትጨርሺ ጠበቅንሽ።»