የሰብለ ቅጾች

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ላንተ ለምታነበኝ ልናገር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ የምርጫ ግምት በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ስልክ ደዋይ ነበርኩ። መራጮችን ማንን እንደሚመርጡ እየጠየቅን መልሱን ቅጽ ላይ እንሞላለን፤ አለቃችን መልሱን ደምሮ የትኛው ስቴት ፉክክር እንደሚኖረው፣ የትኛው ያለቀለት እንደሆነ ይገምታል። ቨርጂኒያ ከአርባ ዓመት በላይ በፕሬዚዳንት ምርጫ ለአንድ ፓርቲ ስታደላ ስለኖረች ያለቀላት ናት ብዬ አምን ነበር። ቅጾቼም ይህንኑ ይሉ ነበር።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሰብለ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የምትመላለስ ዝምተኛ ሴት ነበረች። የሷ ቅጾች ግን ለሁለቱ ፓርቲዎች ግማሽ በግማሽ ነበሩ። ጠረጠርኳት። ከራሷ እየፈጠረች ትሞላ ይሆን? ማንን ልትጠቅም? ቀን ሙሉ ጆሮዬን ጥዬ ስሰልላት ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያላነሱላትን ሰዎች፣ ሥራ ውለው የሚገቡትን ሁሉ፣ ደጋግማ ኮል ባክ ታደርጋለች፣ እስኪያነሱ መልሳ ትደውላለች። እኔ ያላነሳውን እያለፍኩ፣ ቤት የሚውሉ ጡረተኞችን ጠይቄ ኮታዬን እሞላለሁ።

እውነቱን ያን ቀን አወቅሁ፤ የኔ ቅጾች የጡረተኛውን ድምፅ ብቻ ሲይዙ የሷ የሠራተኛውንም ይይዙ ነበር። ግን እሷ ትክክል ከሆነች እኔ ምን ልባል ነው? አለቃዬ ቢሮ ገብቼ፣ «ሳትደውል ስትሞላ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። ዋሸሁ። በሳምንቱ አሰናበቷት። ልጇን ከአገር ቤት ለማስመጣት ስፖንሰር የሆነችው በዚያ ሥራ ደመወዝ እንደነበር አውቅ ነበር። አውቄ ነው የዋሸሁት።

ምርጫው ደረሰ፤ ቨርጂኒያ ወደ ሌላው ፓርቲ ዞረች። አለቃችን ግምታችን የት እንደተሳሳተ ሲጠይቅ ቅጾቼን ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

ከዓመታት በኋላ ጌይተርስበርግ ከተማ ለቅሶ ቤት ከሰብለ ጋር ተገናኘን። የልጇ የመምጣት ጉዳይ ሥራዋን ስታጣ እንደዘገየ ነገረችኝ። «ስትመጣ አሥራ አምስት ሞልቷት ነበር» አለች። «እንደ እንግዳ ጨበጠችኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያኔ ማን እንዳሳበቀብኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እኔ ከጀርባችን ይቀመጥ የነበረውን ፊሊፒኖ ነው የምጠረጥረው። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።»

እኔም እንደሚስማማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ለምን? ፈርቼ? ቀሎኝ? ምንም ባላደረገ ሰው ላይ ቂም ይዛ ስትኖር እያየሁ ዝም አልኩ፤ ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነኝ።

ጊዜው ነው፣ ልጅነት ነው አልልም። ካንተም ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታው በሷ እጅ ነው፤ ለማን እንደምትሰጠው ግን አልነገርኳትም።