ብስኩቱ ወተት ነበረበት

ልጅ ሆኜ፣ ማንበብ በለመድኩ ሰሞን፣ የቤታችን ብስኩት መርማሪ እኔ ነበርኩ። የእናቴ አጎት አባባ ታምሩ ካዛንቺስ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ዓይናቸው ስለደከመ በጾም ከሱቅ የመጣ ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። «እስቲ እዪልኝ የኔ እመቤት፣ ወተት አለበት?» ይሉኛል። ካለበት እስከ ፋሲካ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል።

አንድ ምሽት በሁዳዴ መብራት ጠፍቶ፣ ፍሙ ላይ ሻይ ተጥዶ፣ እናቴ ከሥራ ሳትገባ፣ አባባ ከሱቅ ያመጣሁትን ብስኩት እንዳነብላቸው አቀበሉኝ። ርቦኛል። በሻማው ብርሃን «የወተት ዱቄት» የሚለውን አየሁት፣ አየሁትና ዓይኔን በጨው አጥቤ «የጾም ነው አባባ» አልኩ።

ግማሹን ለእኔ ሰጥተው፣ ግማሹን በሻይ እየነከሩ ስለመነኮሰ ጅብ ተረት ጀመሩ። ጅቡ ተሳስቶ ሥጋ እንዳይበላ ጓደኛው አህያ ምግቡን ሁሉ ቀድማ ታሸትለታለች። አንድ ቀን ታክቷት ሥጋውን «ጎመን ነው፣ ብላ» አለችው። ቀመሰ። የድሮው ጣዕም ትዝ አለው። ቀና ብሎ አህያዋን አያት። አባባ እዚህ ላይ ተረቱን ገታ አድርገው ሻያቸውን ፉት አሉ፤ እኔ ብስኩቱን እንደያዝኩ ወደ በሩ አየሁ። ወንበራቸው በሩ ሥር ነው፣ በየት ልውጣ?

የባሰው ደግሞ እሑድ ሊቆርቡ ነበር፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ብናገር ቁርባኑ ሊቀርባቸው ነው፤ ዝም ብል ጾም ሽረው ሊቀበሉ ነው፣ ያውም በእኔ ጦስ። ያኔ ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ፊታቸውን የምሸሽበት ጥግ አጣሁ። ቅዳሜ ማታ በቃ አልቻልኩም፣ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«ተይ አታልቅሺ፣ ልጅ አይደለሽ?» አሉ። እሑድ ነጠላቸውን ለብሰው ሄዱ፣ ሳይቆርቡ ተመለሱ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሌላ ብስኩት ከሱቅ አምጥቼ ሰጠኋቸውና ላነብላቸው እጄን ዘረጋሁ። አባባ ብስኩቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ወትሮው ተረት ጀመሩልኝ።

ተረቱን እስኪያርፉ ድረስ አልነፈጉኝም። ዛሬ ባምቢስ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የማሸጊያውን ጀርባ ሁለት ሦስቴ ሳነብ ባለቤቴ «ምን ትፈልጊያለሽ?» እያለ ይስቅብኛል። ያኔ ቢገርፉኝ ኖሮ አልቅሼ እረሳው ነበር። እሳቸው ግን ሻያቸው እየቀዘቀዘ፣ እኔ ማንበብ የምችለው ልጅ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እናቴ ገብታ እስክታነብላቸው ይጠብቁ ነበር።