ለብርታት የሰጠኋቸው ወተት

መጀመሪያ ያየሁት የባለቤቴን ትራስ ነው። ጠዋት አልጋ ላነጥፍ ሳነሳው ውኃ እንደተደፋበት ርሷል። አገራችን ጎረቤላ ብርድ ነው፤ እዚህ ሰው ተኝቶ አያልበውም። ባለቤቴ ቄስ ናቸው፤ ስጠይቃቸው ድካም ነው አሉኝ።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ወገባቸውን ያዛቸው። ለቅዳሴ መቆም አቃታቸው። በእሳቸው ፈንታ ሌላ ካህን ገባ። ያኔ ፈራሁ።

ጸበል ተጠመቁ። ታይፎይድ ነው ተብሎም መድኃኒት ዋጡ። እኔ ደግሞ ይበርቱ ብዬ ጠዋት ማታ ከላሟ ሥር የታለበ ወተት፣ አረፋው ሳይጠፋ እሰጣቸዋለሁ። አይ ሞኝነቴ!

በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ወጣቷ ሐኪም ወተት አፍልተን እንጠጣ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ተቆጣሁ። ንጽሕናዬን የነካች መሰለኝ። ዕቃዬን በወይራ ሳላጥን አልቤ አላውቅም፤ የጎረቤት ወተት ሲበላሽ የእኔ ደህና ያድራል። ይህንኑ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ላማችን ቀኑ ሳይደርስ ጥጃ ጥላ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥላ ነበር።

«እናቴ፣ ጭሱ ወተቱን ያቆየዋል፤ እውነትዎን ነው። ከላም የሚጋባውን በሽታ ግን ጭስ አይገድለውም። ማፍላት ነው የሚገድለው» አለችኝ።

የደም ምርመራው ብሩሴሎሲስ አለ፤ እሷ የጠረጠረችው የከብት በሽታ። በወተቱ የገባ ነው። በገዛ እጄ።

በሚኒባስ ስንመለስ አላስችል አለኝና፣ ያሳመምኩዎ እኔ ነኝ አልኳቸው።

«የሰጠሽኝ እንድድን ብለሽ ነው። አሁንም ስጪኝ፤ አፍልተሽ» አሉኝ።

ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን የሚባሉ ኪኒኖች ለስድስት ሳምንት ታዘዙላቸው። ሽንታቸው ቀይ ሲሆን ደም መስሎኝ ጮህኩ፤ ለካ ከመድኃኒቱ ነው፣ ሐኪሟም ነግራን ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትራሱ ደርቆ አደረ፣ ቀስ በቀስም ወገባቸው ተላቀቀና ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። ላሟ በእንስሳት ሐኪም ተመርምራ በሽታው ስለተገኘባት ከቤት ወጣች። እኔም ከጎረቤት የምገዛውን ወተት ገንፍሎ እስኪነሳ አፈላለሁ፣ እያማሰልኩ ጥቂት አቆየዋለሁ፣ ሲበርድ በታጠነው ዕቃ እገለብጣለሁ። እርጎዬም ከፈላ ወተት ሆነ። እስከ ዛሬ ምድጃው ዳር ቆሜ እደነቃለሁ። እንዲያ ነጭ በሆነ፣ ጠረኑ ደስ በሚል ነገር ውስጥ ዓይን የማያየው ፍጥረት ተቀምጦ አንድ ቄስ ከመቅደስ አስቀረ፤ እሱው ደግሞ አንድ ድስት ፍላት መቋቋም አልቻለም። የእግዚአብሔር ሥራ አያልቅም።

ቤታችሁ ትኩሳት የሚመላለስበት ሰው ካለ፣ ጥሬ ወተት ትጠጡ እንደሆነ ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ንገሩ። ላም ቀኑ ሳይደርስ የጣለችውን ጥጃ በባዶ እጅ አታንሱ፤ በሽታው በእሱም ይጋባል። ተሽሎኛል ብላችሁም መድኃኒቱን አታቋርጡ። ያቺን ሐኪም እግዚአብሔር ይስጣት፤ ቁጣዬን ታግሣ ጠይቃኛለች።

ኪኒኑ ባለቀ በሁለተኛው እሑድ ባለቤቴ ቅዳሴ ገቡ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው ቀደሱ። እኔ ግን ድምፃቸውን ስሰማ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጡኝ።