ሙዚየም ውስጥ የተጋደምኩበት ቃሬዛ

ጀርመን አገር ሙዚየም ገብቼ በባዶ እግሬ የተጋደምኩበትን ነገር ካልነገርሽን እያሉ የልጅ ልጆቼ ይጨቀጭቁኛል። ይሳቁ፤ ልንገራቸው።

እዚያ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ፣ አውሮፕላንና የጠፈር ዕቃ የሚታይበት ቤት ወሰደችኝ። መጀመሪያ በመስታወት ውስጥ ጥቁር ድንጋይ አሳየችኝ። ከጨረቃ የመጣ ነው አለች።

"ሲመጣ ማን አየ?"

"ሰዎች ሄደው ነዋ ያመጡት።"

"እንዲህ ያለው ሜጋ ከተማ መንገድ ዳር ሞልቷል። ከዚያ አንስተውት ይሆናል።"

"ቀስ በይ እማዬ፣ ሰው ይሰማሻል።"

"በአማርኛ ነው የማወራው፤ ማን ይሰማኛል?"

ቀጥሎ ያለው አዳራሽ ውስጥ አንቶኖቭ አውሮፕላን ቆሟል። እሱን እንኳ አውቀዋለሁ። ነገሌ ጦር ሰፈር ስንኖር በሽተኛ የሚያመላልሰው እሱ ነበር። ባሌ የሠራዊቱ ሾፌር ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሜጋ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። እሱንና አብሮት የነበረውን ጎረቤታችንን በአንቶኖቭ ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። በመስኮቱ እጅ ያየሁ መሰለኝ፤ አቧራው ግን አላስተማመነኝም። ባሌ እዚያው ሐኪም ቤት አረፈ።

ጎረቤታችን ድኖ ሲመለስ፣ "ናጋ፣ እህቴ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠ ገባ። "እሱ ከታች፣ እኔ ከላዩ ባለው ቃሬዛ ነበርን። ስንነሳ በመስኮት አይቶሽ እጁን አውለበለበልሽ" አለኝ። ላዘነ ሰው የማይባል ነገር የለም። ሊያጽናናኝ ፈጥሮት ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ።

እና የሙዚየሙ አንቶኖቭ ውስጥ ቃሬዛዎቹ እንደ ተደራራቢ አልጋ ተሰቅለው አየሁ። የስንቱ ነፍስ የወጣበት ይሆናል ብዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ጫማዬን ደረጃው ሥር አውልቄ ወጣሁ። ጥበቃው ጫማዬን አንስቶ ተከተለኝ። ገመዱን ተሻግሬ ታችኛው ቃሬዛ ላይ ተጋደምኩ።

"እማዬ፣ ተነሺ። አይነካም።"

"ቆይ፣ መስኮቱ ይታይ እንደሆነ ልይ።"

አይታይም። ከፊቴ ያለው የላይኛው ቃሬዛ ሸራ ነው። አንገቴን ሳጣምም ደግሞ ግድግዳው። ልጄ ጥበቃውን በቋንቋው አንድ ነገር አለችው፤ አሟታል ብላው ይሆናል። ደግፎ አነሳኝ፣ ጫማዬንም ሰጠኝ።

"ዋሽቶኛል" አልኳት።

ከዓመታት በኋላ ቡሌ ሆራ፣ ልጆቹ ጋ ተጠግቶ ወደሚኖረው ወደዚያው ጎረቤታችን ሄድኩ። ሽማግሌ ሆኖ ሳገኘው አንተ ማለት ከበደኝ።

"ዋሽተውኛል" አልኳቸው። "ከታች የተኛ ሰው መስኮት አያይም።"



"እሱማ አላየሽም" አሉኝ። "'አጥሩ ጋ ሳትቆም አትቀርም፤ አንተ ከላይ ነህና እይልኝ' አለኝ። 'አለች' አልኩት። 'በል እጅህን አውለብልብላት፤ ስትመለስም ያውለበለበው እሱ ነው በላት' አለኝ። ያየሽው እጅ የኔ ነው።"