የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ መዝጋት

የሄድኩ ቀን አመሻሹ ላይ እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ አጠበችኝ። በረራው ማታ ስለነበር ሁሉም ቸኩሏል፤ እሷ ግን አልቸኮለችም። የውሃውን ሙቀት በክርኗ ለካች፣ ጀርባዬን አሸች፣ ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችልኝ። የሰላሳ ዓመት ወንድ ነኝ። መርካቶ እህል በረንዳ ጤፍ ስናወርድ የጆንያው ክምር ተንዶ ወገቤ ላይ ካረፈ ወዲህ ከእምብርቴ በታች ምንም አይሰማኝም፤ እፍረቱ ግን ይሰማኝ ነበር። ዊልቼሬ በሰፈራችን መተላለፊያ ስለማያልፍ ጎረቤቶቻችን ተሸክመው አብነት አስፋልቱ ላይ ወደቆመው ታክሲ አደረሱኝ። "አይዞህ ሰዒዶ፣ ፈረንጅ አገር ትራመዳለህ!" ይሉኛል። አሜን እላለሁ። የሄድኩት ግን ለመራመድ አልነበረም። እናቴ እኔን ስታነሳ ወገቧ ሲያልቅ ማየት ስላቃተኝ ነው።

ባለቤቴ ሐያት ኖርዌይ ከገባች ቆይታለች፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ኒካሃችን ከአደጋው በፊት ነበር። ሰው ሁሉ ትፈታዋለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ወረቀቴን ጨርሳ ወሰደችኝ። የገባሁ ሰሞን ታዲያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነገረችኝ።

"ሰዒድ፣ ሥራ ቦታ ሰው ሳጥብ ነው የምውለው። ቤቴ ስመጣ ባል ነው የምፈልገው። ኮሙኔው ረዳት ይመድብልሃል፤ አንተ ብቻ በደንብ አስረዳቸው።"

ኮሙኔ ማለት እንደ እኛ ወረዳ ነው፤ ሲስተም የለም አይሉም እንጂ። ከዚያ ረዳት ያስፈልገው እንደሆነ የምታጣራ አንዲት ሴት ተላከች። ሐያት ሥራ ላይ ነበረች፤ አስተርጓሚው በስልክ ናቸው፣ ድምፃቸው ሸምገል ያለ ሀበሻ። ሴትየዋ እንግዳ ናትና ሻይና ተምር አቀረብኩላት። እንግዳ ፊት ማማረር ደግሞ እኛ ቤት ነውር ነው።

"እንዴት ነህ?" አለች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልል።"

"ልብስ መልበስስ?"

"ይመስገን፣ እሱ አያስቸግርም።"

"መታጠብ?"

"ኧረ ደህና ነኝ!"

ሻዩን አመስግና ሄደች። መልሱ ሲመጣ፣ ራሱን የቻለ ስለሆነ ረዳት አያስፈልገውም ይላል። ሐያት አንብባ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። የዚያን ዕለትም አጥባኝ፣ አልብሳኝ ነበር ወደ ሥራ የሄደችው።

ክረምቱ ከበደኝ። እዚህ ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፤ ጨለማ ነው። ምሳዬ ቀዝቃዛ ዳቦ ላይ የተለጠፈ ቡናማ አይብ ነው፣ ያውም እንደ ስኳር የሚጣፍጥ፤ አይብ እንዴት ይጣፍጣል? መርካቶ እያለሁ አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳያየኝ ብውል ብዬ እመኝ ነበር። እዚህ ጎረቤቴ ሊፍት ውስጥ ጫማውን እያየ ይወርዳል። ያ ያናድደኝ የነበረ "አይዞህ" በጣም ናፈቀኝ።

ይግባኝ አልንና ሴትየዋ እንደገና መጣች። አስተርጓሚው እሷ ሳትጀምር፣ "ስማ ወንድሜ፣ የየት ልጅ ነህ?" አሉኝ።

"የመርካቶ ነኝ ጋሼ።"

"ገባኝ። እንግዲህ ምስጋናውን ለፈጣሪ አድርገውና ለእሷ ችግርህን ንገራት።"

ምን ተባባላችሁ ብላ ስትጠይቅ "ሰላምታ ነው" አሏት።

ነገርኳት። ሽንቴ በቱቦ እንደሚወጣ፣ ሌሊት ሰው ካላገላበጠኝ እንደምቆስል፣ ሁሉንም። ፊቴ እሳት ሆነ። ስጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ "ብቻህን ማድረግ የምትፈልገው ምንድን ነው?" አለችኝ።

ሐኪም ቤትም ሰፈርም ይድናል ወይ ነው የሚባለው፤ እሱንም እኔን አልፈው እናቴን ነው የሚጠይቁት። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"የመታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ዘግቼ መታጠብ" አልኳት። አስተርጓሚው ሲተረጉሙላት እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች።

የመታጠቢያ ወንበር መጣ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ተተከለ፣ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ረዳትም ተመደበልኝ። ወንበሩ ላይ ያስቀምጠኝና ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ሳሙናው እያመለጠኝ፣ ሚዛኔን እየሳትኩ፣ ስንቴ ጠራሁት። አንድ ጠዋት ግን ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጣቴ ጨረስኩ። ውሃው እየወረደብኝ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሐያት የለችም። ረዳቱ ከውጭ "ኦኬ?" አለ። "ኦኬ" አልኩት። ለዚያ ሁሉ ደስታ የምንግባባባት ቃል ኦኬ ብቻ ነበረች።

ለብሼ እንደጨረስኩ ለእናቴ ደወልኩ።

"ዛሬ ማን አጠበህ?" አለችኝ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

"ራሴ፣ እማ። በሩን ዘግቼ።"

"አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!" አለች። ከዚያ፣ "ጀርባህንስ?"

"ብሩሽ አለው፣ እጀታው ረጅም ነው።"

"እሰይ" አለች፣ ቀስ ብላ። በስልኩ ውስጥ የመርካቶ ተሸካሚዎች "ዞር በል! ዞር በል!" ይሰማኛል። "እኔ እኮ አሁንም ጠዋት ስነሳ ውሃህን እጥዳለሁ። ከሞቀ በኋላ ነው እንደሌለህ ትዝ የሚለኝ።"

"ታዲያ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"ምን አደርገዋለሁ" አለች። "እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።"