እንቅልፍ የተከለከለው ዳታቤዝ

ይማም የኮምፒውተር ትምህርቱን ሁለት ዓመት ተምሮ ጥሎ፣ በየመን ጦርነት መሐል ተሻግሮ ሳዑዲ፣ አል-ዓሪዳ ሲገባ ያገኘው ሥራ የፍየል እረኝነት ነበር። የአሠሪውን ስልሳ ፍየሎች እየነዳ ያገሩ ልጆች ግን «ኢንጂነሩ» ይሉታል። እሱም አይጠላውም። ደግሞ እኮ ውሸት አይደለም፤ ከፍየሎቹ ኋላ ኋላ እየሄደ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ዳታቤዝ ያስተዳድር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነዚያ ተራሮች ያለ ወረቀት የሚሠራ ወንድ ሁሉ ሹርጣ ሲይዘው የሚሰጠው የተዘጋጀ ስም አለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ለፖሊስ የሚናገር ሰው እንደ ጅል ነው የሚታየው። ታዲያ ሰው ሲያዝ ጣጣ ይመጣል። ዘመድ እስር ቤት ሄዶ «አዲሱ አለ?» ቢል አዲሱ የሚባል የለም፤ አዲሱ እዚያ ሳልህ ተብሎ ተቀምጧል። ይማም ይህን አይቶ ሁሉም እውነተኛ ስሙንና የፖሊስ ስሙን ራሱ የሚያስገባበት መዝገብ ሠራ። እውነተኛውን ስም በቴሌግራም የጻፈ ሰው የፖሊሱ ስም ይመጣለታል። አንብቦም ወዲያው ያጠፋዋል፤ ሹርጣ ስልክ ይፈትሻላ።

ጋሼ ጌቱ መዝገቡ የት እንደተደበቀ ማወቅ ፈለጉ። እሳቸው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ የነበሩ፣ እዚህም ከሁሉም ቀድመው የገቡ ሰው ናቸው። ይማም የትም እንዳልተደበቀ አስረዳቸው። ማሽኑ ያለው ሩቅ አገር፣ አንድ ኩባንያ ውስጥ ነው፤ መጠገኑም መጠበቁም የኩባንያው ጣጣ ነው። ሹርጣ የይማምን ጎጆ ቢበረብር ከፍየል በቀር የሚያገኘው የለም። ጋሼ ጌቱ ይህን ሰምተው ደስ አላቸው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! የተማረ ሰው ማቆሚያውን መች ያውቃል፤ ዳታቤዙ ጠያቂ ሲያጣ እንደሚተኛ፣ ሰው ሲጠይቀው እንደሚነቃ ጨመረላቸው። የሚተኛው ለምን እንደሆነ ሊነግራቸው ሲል ፍየሎቹ የሰው በቆሎ ውስጥ ገቡና ሮጠ።

ጋሼ ጌቱ ነገሩን ይዘው አደሩ። ከድንበሩ ማዶ መድፍ እያጓራ፣ የስንቱን ሰው ስም የያዘ ነገር እንዴት ይተኛል? ጠያቂ ማጣትስ ምን የሚሉት ነው? የታመመ እንኳ በየተራ ይጠየቃል። በየእርሻው እየዞሩ ለአርባ ሰው ተራ አወጡ። ባለ ተራው በየሁለት ደቂቃው አንድ ስም ይጠይቃል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ደውሎ ያስረክባል። ለይማም የነገረው የለም፤ ሥራ አለበት ብለው አዘኑለት።

የማንን ስም እንጠይቅ የሚለው ግን አስቸገረ። ያልተያዘ ወንድምን እንደተያዘ አድርጎ መጠየቅ ሟርት ነው፤ ማንም በወገኑ ላይ አላደረገውም። ስለዚህ ሁሉም ዘመድ የለውም ያሉትን ጉዲናን መረጡ። ጉዲና ከአርሲ ብቻውን መጥቶ አድ-ዳኢር የቡና እርከን ላይ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። የሚቆጣለት ሰው የለም ተባለ። ቀን ከሌት ጉዲና፣ ጉዲና፣ ጉዲና ሲሉ ከረሙ።

ጉዲና ማክሰኞ ተያዘ።

ረቡዕ ከሰዓት ይማም ጋ አንዲት ሴት ደወለች። ሩቂያ ትባላለች፤ ጂዛን ከተማ የቤት ሠራተኛ ናት፤ የጉዲና እህት። ወንድሟ ያንን ሁሉ ጦርነት አቋርጦ የመጣው ለእሷ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሁለት ሰዓት መንገድ በማይበልጥ ርቀት ሲኖሩ፣ በመንገዱ ላይ ባለው የፖሊስ ኬላ ምክንያት አንድ ቀን እንኳ አልተያዩም። ዓርብ አገር ቤት ሊመልሱት ነው። አሠሪዋ መዳም ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ እስር ቤቱ በር ልታደርሳት ፈቅዳለች፤ በሩ ላይ የተመዘገበበትን ስም ካላወቀች ኸላስ፣ ትመለሳለች። ጉዲና «አንድ ነገር ከሆንኩ ኢንጂነሩ ጋ ደውይ» ብሏት ነበር።

ይማም አፉን ሞልቶ «አንድ ደቂቃ ብቻ» አላትና ስሙን ጻፈ። መልሱ መጣ፤ የወሩ የነጻ የሥራ ሰዓት አልቋል፣ በስምንት ቀን ይመለሱ ይላል። ከፍሎ እንዳያስከፍተው የባንክ ካርድ ይፈልጋል፤ ካርዱ ደግሞ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይፈልጋል፤ ኢቃማ ቢኖረው ፍየል ምን ያስጠብቀዋል? ሰዓቱን ማን እንደጨረሰው ሊጠይቅ ጋሼ ጌቱ ጋ ደወለ። እሳቸው ገና ከመጀመሩ በኩራት፣ ዳታቤዙን ለሦስት ሳምንት ዓይኑን እንዳላስከደኑት አበሰሩት።

ይማም በታላቅ ሰው ላይ ጮኾ አያውቅም፤ ያን ቀን ጮኸ። የሚተኛው እኮ ሰዓቱን ሊቆጥብ ነው፤ ሲነቃ ነው የሚያልቀው! ይማም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው መጣ፤ ለልጅቷ ምን ብሎ ይንገራት?

«ለመሆኑ ማንን ነበር የምትጠይቁት?» አላቸው።

ጋሼ ጌቱ ለመናገር አፈሩ። በኋላ ግን ጉዲናን መሆኑን፣ ሰው ሁሉ ከትናንት ጀምሮ እኛ አስያዝነው እያለ እንደሚያለቅስ ነገሩት።

ይማም ከድንጋዩ ተነሳ። «ምን እያለ ነበር የሚመልስላችሁ?»

«አብዱልቃድር ሙሳ ኑር ሑሴን፣» አሉ ጋሼ ጌቱ፣ ሳይተነፍሱ።

እንዳይሳሳት ከባለ ተራዎቹ አንዷን፣ ጌጤን ጠየቀ፤ ያንኑ አለችው። ሌላዋ ባለ ተራ ማሚቴማ ልብስ ስታጥብ ስታንጎራጉረው ነው የከረመችው። እስኪመሽ ሌሎቹም ሳይጠየቁ እየደወሉ፣ ልጅቷ እንዳትረሳው ደጋግማ እንድትለው አደራ አሉ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሩቂያ ለይማም ደወለች። ከወንድሟ ጋር አጥር በመሐላቸው ሆኖ ሩብ ሰዓት ተያይተዋል። ወንድሟ «ስሙን ከየት አገኘሽው?» ሲላት፣ ተራራው ላይ ያለው ሰው ሁሉ በቃሉ እንደሚያውቀው ነገረችው። ጉዲና መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አጥሩን ያዘ።

«እዚያ በእውነተኛ ስሜ እንኳ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም እኮ፣» አላት።